በትከሻ የሚከፈት በር

አዳማ በገባን ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሽንኩርት በፌስታል አንጠልጥዬ ፎቁን ወጣሁና እንደ ልማዴ በግራ እጄ እጀታውን ወደ ላይ ሳብ አድርጌ በቀኝ ትከሻዬ በሩን መታሁት። በሩ ግን በጣት ጫፍ የሚከፈት የኮንዶሚኒየም በር ነበርና አንድም ሳይከራከረኝ ወለል አለ፤ እኔም ከነሽንኩርቴ ሳሎኑ መሀል ደረስኩ። ሽንኩርቱ በሴራሚኩ ላይ እየተንከባለለ ገሚሱ ሶፋ ሥር፣ ገሚሱ ቁም ሳጥን ሥር ሲገባ እናቴ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ተመለከተችኝ። «ቀስ ብለህ ግባ እንጂ፣ ይኼኛው በር እኮ ገና አያውቅህም» አለችና የራሷን ቀኝ ትከሻ አሸት አሸት አደረገች። እሷም ሰው ሳያያት ወድቃ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

ትከሻችን ይህን ልማድ የተማረው አሰላ ነው። ቤታችን ከዋናው መንገድ ወደ ጭላሎ አቅጣጫ በሚያወጣው ኮረኮንች ዳር የቆመ የጭቃ ቤት ሲሆን፣ በሩን የሠራው አባቴ ነበር። አባዬ የኮምባይነር መካኒክ ነው። አጨዳ ሲደርስ ከኢተያ እስከ አርቦዬ ስንዴ መሀል ቆሞ የቀረ ኮምባይነር ካለ እሱ ይጠራል፤ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ለጠፍ አድርጎ ሕመሙን ያውቅለታል። ከብረት ጋር የነበረው መግባባት ግን ወደ እንጨት አልተሻገረም። ለበሩ ያመጣው ዝግባ እርጥብ መሆኑን ያልነገረው ጎረቤት የለም፤ ክረምቱን ቆሞ ይድረቅ ሲሉት፣ ያለ በር የአሰላን ክረምት ያሳለፈ ሰው ካለ አምጡልኝ ብሎ በዚያው ሳምንት ገጠመው። እንጨቱም መድረቅ የጀመረው መቃኑ ውስጥ ሆኖ ነውና እንደፈለገው ተጣመመ። አባዬ እስኪሞት ድረስ በሩ ጠማማ መሆኑን አላመነም። የዘመመው ቤቱ ነው ይል ነበር። ውኃ ልክ ይዞ ሊያስረዳው የሚመጣውን አናጢ ሁሉ በሩን ተወውና ግድግዳውን ለካ ይለዋል፤ ግድግዳውም በእውነት ትንሽ ዘመም ያለ ስለነበር አናጢዎቹ ቡና ጠጥተው ይሄዳሉ።

አከፋፈቱ እንዲህ ነበር። እጀታውን በግራ እጅ ይዞ ወደ ላይ ማንሣት፣ ወዲያው ሳይዘገዩ በቀኝ ትከሻ ከእጀታው ከፍ ብሎ መምታት። በበጋ ለስለስ ያለ ግፊት ይበቃዋል፤ ሐምሌ ሲገባና እንጨቱ ውኃ ሲጠጣ ግን ሙሉ ሰውነት ይፈልጋል። በእግር መምታት ክልክል ነው፤ አባዬ በርን በእግሩ የሚመታ ሰው ነገ በእናቱ ላይ ይጮኻል ይል ነበር። በሩ አረንጓዴ ቀለም ቢቀባም ትከሻ የሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ተልጦ እንጨቱ እንደ አሮጌ የኮርቻ ቆዳ ያበራ ነበር። ከላይ ያለው የአባዬ ነው፤ ከሱ ዝቅ ብሎ የእናቴ፤ ከጎኗ የእህቴ የብርቱካን፣ ቀጠን ያለች። ከታች ተነሥታ እየቀጠነችና እየሰፋች ወደ ላይ የምትወጣው ረጅም ልጥ ደግሞ የእኔ ናት። በሰው ቤት የልጅ ቁመት ግድግዳ ላይ በእርሳስ ይጻፋል፤ የእኔ ግን በሩ ላይ በትከሻ ተጽፎ ነበር።

መሀል ላይ ያለው ሰፊው ክብ የእትዬ ሐዋ ነው። እትዬ ሐዋ አጥር የምንጋራቸው፣ ከሲሬ ቅቤ እያስመጡ የሚሸጡ ጎረቤታችን ናቸው። አጠር ብለው ወፈር ያሉ ስለሆኑ በሩን ሲመቱት ጣሪያው ላይ ያለው ቆርቆሮ ጭምር ይሰማዋል። በራችን ሲያንኳኩት ድምፁን የሚውጥ ስለነበር ማን እንደመጣ የምናውቀው ከምቱ ነው። የአባዬ አንድ ጊዜ፣ አጭር። የእህቴ ሁለት ጊዜ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያውን ሁልጊዜ በግማሽ ልብ ነው የምትመታው። የእትዬ ሐዋን ምት ደግሞ «ያ ረቢ» የሚል ረጅም ትንፋሽ ይቀድመዋል። እናቴ ያን ትንፋሽ ስትሰማ ዘወር ሳትል ሁለተኛ ስኒ ታወርዳለች። እትዬ ሐዋ ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚለውሱትን ጩኮ ይዘው ይመጣሉ፤ እስላም ቢሆኑም የእኛን ጾም ቀን በቀን ስለሚያውቁ ረቡዕና ዓርብ እጃቸው ባዶ ነው።

የማያውቅ እንግዳ ግን ደጅ ቆሞ ይቀራል። ለአንድ ሰው አከፋፈቱን ማሳየት በእኛ ቤት ከዝምድና ይቆጠር ነበርና አባዬ ለመጣው ሁሉ አያሳይም። ዛሬ የእህቴ ባል የሆነው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላም ሊለን ሲመጣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ በግራ ትከሻው መታው። በሩ ንቅንቅ አላለም፤ የሸሚዙ ስፌት ግን ተተረተረ። አባዬ ልጁን ክፉ አልተናገረውም፣ ሥራውንም ቤተሰቡንም ወዶለታል፣ ግን በግራ ትከሻው እንደመታ ለወራት አልረሳለትም። በመጨረሻ እትዬ ሐዋ አንድ የገበያ ቀን፣ ሁላችንም የወጣን መስሏቸው፣ ሰውየውን በጓሮ አስገብተው በሩ ላይ ሲያለማምዱት ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ አየሁ። እሳቸው «አንሣ» ይላሉ፣ እሱ ያነሣል፤ «አሁን» ይላሉ፣ እሱ ይመታል። ቀጥሎ በመጣበት ቀን በአንድ ምት ገባ። አባዬም ከወንበሩ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀለት።

አባዬ ካረፈ በኋላ የእናቴ ጉልበት ለአሰላ ብርድ እምቢ አለ። ብርቱካን አዳማ አራስ ሆነች፣ እናቴም ለጥየቃ ሄዳ ጉልበቷ በሙቀቱ ሲፈታላት አየች። ቤቱ ተሸጠ። እናቴ መሄዷን ለንስሐ አባቷ ነገረች፣ ለዕድሩ ነገረች፣ ለወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ሳይቀር ነገረች። ያልነገረቻቸው እትዬ ሐዋን ብቻ ነው።

ሳትሞክር ቀርታ አይደለም። ዛሬስ እነግራታለሁ ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ትሄዳለች፤ እትዬ ሐዋ «ምን ፈልገሽ ነው፣ አስኩ?» ሲሏት ጨንቋት አፏ ላይ የመጣውን ዕቃ ትጠራለች። መጀመሪያ ይዛ የተመለሰችው ወንፊት ነው። ቀጥሎ መጥረቢያ። ከዚያ ለድግስ የሚሆነው ጎላ ድስት መጣ። የመጨረሻው መሰላል ነበር፤ እሱን በአጥር አሻግሬ የተቀበልኩት እኔ ነኝ፣ ምን ልናደርግበት እንደሆነ ብጠይቃትም እናቴ ራሷ አታውቅም። እትዬ ሐዋም ዕቃውን እያዩ የራሳቸውን ሒሳብ ሠርተዋል፤ ወንፊት፣ የእንጨት መፍለጫ፣ ጎላ፣ ዳስ የሚሰቀልበት መሰላል ተደማምሮ ሠርግ ነው፤ ሠርጉም የእኔ ነው። ለምን እንደተደበቀ ባይገባቸውም ምስጢር ጠብቀው ቅቤ ማጠራቀም ጀመሩ። ለእኔም በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ልጅቷ የማን እንደሆነች አንድ ሁለት ጊዜ በዘዴ ጠይቀውኛል። እኔ ቁጥብ ስለሆንኩ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬን እሺታ አደረጉት።

እውነቱን የሰሙት ከደላላው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ያ ረቢ» ከደጃችን ጠፋ። እናቴ በጩኮው ሰዓት በሩን በሩን ታያለች፤ ሁለተኛውን ስኒ ታወርድና መልሳ ትሰቅለዋለች። ዕቃቸውን ይዤ እንድመልስ ስትልከኝ እትዬ ሐዋ በራቸው ላይ ቆመው ወንፊቱንም እኔንም ካዩ በኋላ «የወሰደችው እሷ ናት፣ የምትመልሰው እሷ ናት። እንዲህ በላት፣ ኢልመኮ» አሉኝ። ኢልመኮ ልጄ ማለት ነው፤ ተቆጥተው እንኳ ይህን አላስቀሩብኝም። መልእክቱን ሳደርስ እናቴ የት ፊቴን ይዤ ብላ ተቀመጠች። ጎላውም መሰላሉም ከግቢ ግቢ ደርሰው ተመለሱ። ሽማግሌ ላከች፤ ሽማግሌዎቹ እርጎ ጠጥተው፣ ስለ ዘንድሮው ስንዴ አውርተው፣ የተላኩበትን ሳያነሡ መጡ። እናቴ ዕቃ እያሰረች በየመሀሉ ትቆምና ጎረቤቱን አስቀይሞ የወጣ ሰው በገባበት ቤት እንቅልፍ አይወስደውም ትላለች። የመሄጃችን ቀን የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግስት ነበርና የቀረው ጊዜ በጣም ትንሽ ነበር።

በዚያው መሀል ገዢው ቤቱን ሊያይ መጣ። በሩ አልከፈትለት ብሎ እኔ ከውስጥ ከፈትኩለት፤ እሱም እጁን እያራገፈ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ይህን አውጥቶ የብረት በር ማስገባት እንደሆነ ነገረን። እናቴ በትሕትና አዳመጠችው። ሲወጣ ግን ተከትላው ደጅ ድረስ ሄደችና «ወንድሜ፣ እኔ ቤቱን ነው የሸጥኩልህ። የባሌን ትከሻ አልሸጥኩም» አለችው። ሰውየው አልገባውም፤ በሩን ግን ውሰዱት አለ።

የመጨረሻው ቀን ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም ነበር። በሩ ውኃውን ጠጥቶ አብጦ ስለነበር ማጠፊያው ከተፈታ በኋላም መቃኑን አልለቅ አለ። ሁለት ወዛደሮች ታገሉት፤ በመጨረሻ በእትዬ ሐዋ መጥረቢያ ዙሪያውን ፈልቅቀን አወጣነው። ዝናብና ነፋሱ ሲገባ እናቴ የአባዬን ቡልኮ በምስማር መቃኑ ላይ ዘረጋችው፤ ሰውም ሊሰናበተን መምጣት ጀመረ።

የመጀመሪያው የዕድሩ ዳኛ ናቸው። ዝናቡን ለመሸሽ አንገታቸውን ደፍተው፣ ጃንጥላቸውን ሳያጥፉ መጡና እንደ ቤተኛ ልማዳቸው ቡልኮውን በቀኝ ትከሻቸው መቱት። ከነጃንጥላቸው ቤቱን አቋርጠው የታሰረው ፍራሽ ላይ ተቀመጡ። ሰው ደንግጦ ሊያነሣቸው ሲረባረብ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ገባ፣ እሱም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ ልናስጠነቅቅ አስበን ነበር፤ ግን ቀድመው የወደቁት ሰዎች የሚቀጥለውን መጠበቅ ስለጀመሩ ማንም ለማንም አልተናገረም። የንስሐ አባታችን ሲመጡ ግን ሁላችንም አንድ ላይ ለመጮኽ ብንሞክርም አልደረስንባቸውም፤ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው እንደያዙ ፍራሹ ላይ ከዳኛው ጎን አረፉና ባረኩን። በዚያ ቤት ውስጥ ከአባዬ ለቅሶ ወዲህ እንደዚያ አልተሳቀም።

ሳቁ መሀል ከውጭ «ያ ረቢ» የሚል ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

ቡልኮው መሬት ስለማይነካ ከሥሩ ጥቁር የላስቲክ ጫማቸው ይታየኛል፤ ጭቃ ውስጥ ቆሟል፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፣ ተመለሰ። እናቴ ተነሣች። በሩ ተነቅሏል፣ ቀስ ብለሽ ግቢ ማለት ትችል ነበር፤ አላለችም። በሩ ይቆምበት በነበረው ቦታ ላይ ቆመችና ሁለት እጇን ዘርግታ ጠበቀች። ቡልኮው በመሀሉ፣ ልክ በሰፊው ክብ ቁመት፣ እብጥ አለ፤ ሁለቱም ተቃቅፈው ከነቡልኮው ፍራሹ ላይ፣ ለጥቂት ካመለጡት ቄስና ዳኛ መሀል ወደቁ።

መጀመሪያ የተናገሩት ከቡልኮው ሥር እትዬ ሐዋ ናቸው።

«አስኩ፣ በሩስ?»

«ይዤው ልሄድ ነው።»

«በሩን ይዘሽ፣ እኔን ጥለሽ?»

እናቴ አለቀሰች፣ እሳቸውም አለቀሱ። ያነሣቸው ሰው የለም። ቆይተው እትዬ ሐዋ እጃቸውን ከቡልኮው አውጥተው በጭንቅ ያዳኑትን ሣህን አቀበሉኝ። በሠርጌ ቅቤ የተለወሰ ጩኮ ነው። ተኮራርፈውም ቢሆን ጾሙ እስኪፈታ ጠብቀው ነበር። ሁሉም ከቆረሰ በኋላ እናቴ ራሷ ጎላውንና መጥረቢያውን ተሸክማ፣ እኔ መሰላሉን ይዤ ተከትያት ዕቃቸውን መለስን። ወንፊቱን ስትሰጣቸው ግን እትዬ ሐዋ እጃቸውን አልዘረጉም። «እሱ ይቆይ። ሌላ ጊዜ ራስሽ ታመጪዋለሽ» አሏት።

በሩ አሁን አዳማ ነው። በር ሊሆን ስላልቻለ አራት የብረት እግር አስበይጄለት ጠረጴዛ ሆኗል። በሙቀቱ ውኃውን ጨርሶ ከደረቀ በኋላ አንድ ቀን ውኃ ልክ ተውሼ ላዩ ላይ አስቀመጥኩ፤ አረፋዋ መሀል ላይ ቀጥ አለች። እናቴ ዝቅ ብላ አየቻትና የዘመመው ቤቱ ነው ብሎን አልነበር አለች። የእንጨቱን ጫፍ አናጢ እንደላገው ታውቃለች፤ እኔም አላስታወስኳትም።

ምሳ ስንበላ የእናቴ ሣህን የሚያርፈው የእትዬ ሐዋ ክብ ላይ ነው። የእኔ ልጥ በጠረጴዛው ርዝመት ተጋድማ ሳያት፣ ለማደግ ስንት ጊዜ ወደ ቤት መግባት እንደነበረብኝ አስባለሁ። የአዳማው በራችን ደወል አለው፤ ማንም ቢጫነው ድምፁ አንድ ነው። እናቴ ተነሥታ «ማነው?» ትላለች፤ አሰላ እያለን ይህን ጥያቄ ከአፏ ሰምቼው አላውቅም።

ወንፊቱ ማድ ቤት ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ዱቄቱ የተነፋ ስለሚመጣልን ሥራ የለውም። እናቴ ለጥየቃ አሰላ በሄደች ቁጥር ማንጎውንና ለሰፈሩ ልጆች የገዛችውን ሸሚዝ ትይዝና እሱን ትረሳዋለች፤ እናቴ ሌላ ዕቃ ረስታ አታውቅም። ባለፈው ጊዜ አውቄ መናኸሪያ ድረስ ተከትያት በእጇ አስያዝኳት። ማታ ስትመለስ ወንፊቱ አብሯት ነው። ለካ አውቶቡሱ ሳይነሣ ወርዳ፣ በር ላይ ሻይ ለምትሸጠው ሴት አደራ ሰጥታው ነበር። ስትመለስ ተቀብላው መጥታለች። ማድ ቤት ገብታ ምስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለችው።