ጋሽ ሽፈራውን የሚጥል ሲጠፋ

ልጅ እያለሁ፣ መንዝ ውስጥ፣ የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ሜዳው ይወርድ ነበር። አጨዳው አልቆ የገብሱ ገለባ አውድማ ላይ የሚቆለልበት፣ ብርዱ ግን ጆሮ የሚቆርጥበት ወቅት ነው። ወንዶቹ ጫፉ የቆለመመ ዱላቸውን ይዘው ለሁለት ይከፈላሉ። ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር እየመቱ ወደ ባላጋራ ወገን ለማድረስ ይሻማሉ። እኛ ሴቶች ልጆች ከእናቶቻችን ጋር የበግ ጠጉር ባና ተከናንበን ዳር ላይ እንቆማለን። የተረገጠ ሣር፣ የላብና የበግ ለምድ ሽታ ተቀላቅሎ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

አባቴ የፊታውራሪ በቅሎዎች ጠባቂ ነበር። ፊታውራሪ ያገራችን ባላባት ናቸው። በአዘቦት ቀን አባቴ ፊታቸው የሚቆመው ጋቢውን አደግድጎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነው። አንድ የገና ዕለት ግን በተለያየ ወገን ሆነው ለሩሯ ሲሽቀዳደሙ፣ አባቴ በትከሻው ደረታቸውን ገጭቶ ምንጩ ዳር ያለው ጭቃ ውስጥ ዘረጋቸው። እናቴ እስኪያመኝ ድረስ እጄን ጨበጠችው። ፊታውራሪ ጢማቸው ላይ ሣር ተጣብቆ ተነሡና፣ “ምን ያስቆምሃል? ሩሯ እኮ እዚያ ናት” አሉት። ጨዋታው ቀጠለ።

በማግስቱ አባቴ እንደ ወትሮው ወደ ግቢያቸው ሄደ። እናቴ እስኪመለስ እህል አልቀመሰችም። አመሻሽ ላይ ሲመጣ “ምን አሉህ?” አለችው። “በቅሎዋን ጫን አሉኝ” አላት። ሌላ ነገር አልነበረም።

ይህን ለማንም ሳላወራው ዕድሜዬ ሄደ። ያስታወሰኝ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ የነበረ አንድ የዓሣ መጋዘን ነው።

አሜሪካ በዲቪ ከመጣሁ በኋላ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ ለጃፓን ምግብ ቤቶች ዓሣና ሩዝ የሚያከፋፍል አንድ የጃፓን ኩባንያ ቀጠረኝ። የምሠራው ዕቃ ማሸጊያው ክፍል ነበር። ከሠራተኛው የሚበዛው ሐበሻ ነው፣ የቀረው የኤል ሳልቫዶር ሰው። ብርዱ እንደ መንዝ ነበር፤ ሽታው ግን ሌላ ነው። በጾም ወራት እንኳ አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ዓሣ በልታ መጣች ሳይለኝ አይቀርም።

ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ኬንጂ ይባላሉ። ወጣቶቹ እርስ በርሳቸው “ጋሽ ኬንጂ” ይሏቸው ነበር። አንድ ቀን ሰምተው ትርጉሙን ጠየቁ። ታላቅ ለሆነ ሰው የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ መሆኑ ሲነገራቸው አንገታቸውን ነቀነቁና “እኛም አገር አለ” ብለው ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ምሳ የምንበላበት ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ጭቃ የለበሱ ወጣቶች ናቸው፤ ከመካከላቸው ቀጭኑ ሚስተር ኬንጂ ነበሩ። ጃፓን ያለው ዋናው ኩባንያ የራሱ የራግቢ ቡድን አለው። ተጫዋቾቹ ሠራተኞቹ ናቸው። ጠዋት ፋብሪካና ቢሮ ይሠራሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይለማመዳሉ። ቡድኑ ከመጨረሻው ሊግ ተነሥቶ፣ እየወደቀ እየተነሣ፣ በየደረጃው አልፎ ላይኛው ሊግ ደርሷል። ሚስተር ኬንጂ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ ሰው ግን ማንኪያውን አስቀምጦ ይሰማቸው ነበር። እዚህም ቨርጂኒያ ውስጥ እንደዚያ ያለ ቡድን ሊያቋቁሙ ፈለጉ። ኩባንያው ማልያውን ገዛ። ለልምምድ ቀን ከሥራ ቀደም ብለው እንዲወጡም ፈቀደ።

ራግቢ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዞ ሮጦ፣ ከባላጋራ መስመር ማዶ መሬት ላይ ማሳረፍ ነው፤ ያሳረፈ አምስት ነጥብ ያገኛል። ለጓደኛ መወርወር የሚቻለው ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው። ኳስ የያዘውን ሰው አቅፎ መሬት ላይ መጣል ደግሞ ጥፋት ሳይሆን ሥራ ነው። ላንግሊ ፓርክ የሚኖረው ቢንያም፣ ከሁሉም ፈጣኑ ልጅ፣ ኳሱን መጀመሪያ ሲያይ አገላብጦ “እትዬ አስካለ፣ ይሄ ኳስ አይደለም፣ ፓፓያ ነው” አለኝ።

እኔ ጨዋታውን ለማየት የበቃሁት በሽፈራው ምክንያት ነው። ሽፈራው የፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻዋ መኪና፣ ነጂያችን ነበር፤ አርባውን ያለፈ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው። ወደምኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ በመኪናው ራይድ የሚሰጠኝ እሱ ስለሆነ፣ በልምምድ ቀን ካፖርቴን ደርቤ ሜዳው ዳር ያለ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ። እየጠበቅሁ ለመድኩት።

የመጀመሪያውን ዓመት በሦስተኛው ዲቪዚዮን ጨዋታውን በሙሉ ተሸነፉ። ያን ጊዜም ቢሆን የማደንቀው ነገር አላጣሁም። ሚስተር ኬንጂ ከሽንፈት በኋላ ልጆቹን አሰልፈው ለሜዳው እጅ ያስነሷቸዋል። ከዚያ መጥረጊያ ይዘው የልብስ መቀየሪያውን ክፍል አብረዋቸው ይጠርጋሉ። የሌሎች ቡድኖች ሰዎች በመጀመሪያ ይሥቁ ነበር። ወቅቱ ሳያልቅ ግን የጫማቸውን ጭቃ በር ላይ አራግፈው መግባት ጀመሩ።

በሁለተኛው ዓመት ማሸነፍ መጣ። ያኔ ነው አንድ ችግር የታየው። ሽፈራውን የሚጥል ጠፋ።

በልምምድ ላይ ግማሹ ቡድን ኳስ ይዞ ይሮጣል፣ ግማሹ ይጥላል። ሽፈራው ሲመጣ ግን ቢንያም በር ላይ እንደተገናኘው ሰው ወደ ጎን ገለል ብሎ “ይለፉ ጋሽዬ” ይለዋል። ሌሎቹም እንዲሁ። የሳልቫዶር ልጆች እየሣቁ በእስፓኝኛ ይሳደባሉ። በጨዋታ ቀን ደግሞ ባሰ። አንድ ቅዳሜ ሽፈራው ኳስ ይዞ ሲበር ግንድ የሚያህል ሰው ጣለው። ልጆቻችን “እኔን! እኔን ጋሽዬ!” እያሉ ተሻምተው ከበቡት። አንዱ ክንዱን ይዞ ያነሣል፣ አንዱ ከጀርባው ጭቃ ያራግፋል። ኳሱ አጠገባቸው ተጋድሟል። ባላጋራዎቹ ምን እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ትንሽ ቆሙና አንሥተውት ሄደው ነጥብ አስቆጠሩ።

የዚያን ዕለት ሽፈራው እንደ ወትሮው ወደ ቤት ይዞኝ ሄደ።

“ሚስተር ኬንጂ ከቡድኑ ሊያስወጡኝ ነው” አለኝ መንገድ ላይ።

“ምን አጥፍተህ?”

“እኔ ምንም አላጠፋሁም እትዬ። ልጆቹ ናቸው አክብረው የገደሉኝ። በልምምድ ስላልተመታሁ በጨዋታ ቀን ስመታ እደነግጣለሁ። ስወድቅ ደግሞ ቡድኑ አብሮኝ ይወድቃል። ትንሽ ልይና ካልተስተካከለ ሌላ ሰው አስገባለሁ አሉኝ።”

“ለልጆቹ ለምን አትነግራቸውም?”

“ነገርኳቸው። ‘እሺ ጋሽዬ’ ብለው ገለል አሉ።”

ሣቅሁ። እሱ አልሣቀም።

“እዚህ አገር ከመጣሁ ተቀምጬ ነው የምሠራው” አለ። “ታክሲ ላይ ተቀምጬ፣ ፎርክሊፍት ላይ ተቀምጬ። በእግሬ ቆሜ ሰው የምሆነው ሜዳው ላይ ነው። አንድ ጊዜ ላይኛው ሊግ ገብቼ ልጫወት እንጂ ከዚያ በኋላ ቢያስቀምጡኝም ግድ የለኝም።”

ሬዲዮውን ከፈተው።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ሽፈራው ዕቃ ሊያወርድ ሲወጣ፣ ልጆቹ ወደተቀመጡበት ጠረጴዛ ሄጄ ቁጭ አልኩ። እኔ ከሰው ጋር ብዙ የማወራ ሴት ስላልሆንኩ ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ።

“አባቴ አንድ ጊዜ ባላባት ጥሎ ያውቃል” አልኳቸው።

የገናውን ነገር እንዳለ ነገርኳቸው። ስጨርስ መጀመሪያ የተናገረው ቢንያም ነበር።

“አልገረፏቸውም?”

“አልገረፉትም።”

“ከሥራስ አላባረሯቸውም?”

“በቅሎዋን ጫን አሉት።”

“እሱ እዚያ ነው እትዬ። ጋሽ ሽፈራው አባቴን ያውቁታል። ቅዳሜ ጥያቸው እሑድ ቤተ ክርስቲያን በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?”

“አባቴ ያን ዕለት መንገድ ቢለቅላቸው ኖሮ ፊታውራሪን ከተጫዋች አልቆጠራቸውም ማለት ነበር” አልኩት። “እናንተም ሽፈራውን ገና በቁሙ ሽማግሌዎች ዘንድ ወስዳችሁ አስቀመጣችሁት። በናንተ ምክንያት ቦታውን ሊያጣ ነው።”

“ራሳቸው ነገሩዎት?”

“ራሱ ነገረኝ።”

ቢንያም ምሳውን ከደነው።

በቀጣዩ ልምምድ ዝናብ ዘንቦ ሜዳው ላቁጧል። ሽፈራው ኳሱን አቅፎ መጣ። ቢንያም እንደ ልማዱ ገለል ሊል እግሩን አነሣ፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ወገቡ ላይ ተጠመጠመበት። ሁለቱም ጭቃው ውስጥ ሰጠሙ። ሳልቫዶሮቹ ሣቃቸውን አቆሙ። ሚስተር ኬንጂ ፊሽካቸውን አፋቸው ላይ እንዳደረጉ ሳይነፉት ቀሩ። ቢንያም ፊቱ አመድ መስሎ ተነሣ።

ሽፈራው ካፉ ጭቃ ተፋና “ከፍ አድርገህ ያዝከኝ” አለው። “ዝቅ በል፣ ጭኔን ነው የምትይዘው። ድገመው።”

ደገመው። ከዚያ ሌሎቹም ተራ ያዙ። ወደ ቤት ስንሄድ ሽፈራው መሪውን በአንድ እጁ ነበር የያዘው፣ ሌላው አልታዘዝ ብሎት። እንደዚያ ቀን ያወራበትን ቀን አላስታውስም።

በዚያው ዓመት ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን አለፉ። እዚያ የሚገጥሟቸው ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ ትምህርት ቤት ሲጫወቱ ያደጉ፣ በሐኪም የሚታዩ፣ በአውቶቡሳቸው የሚመጡ ናቸው። የኛዎቹ ከንጋት ጀምረው ዓሣ ሲጭኑ ውለው በኩባንያው የዕቃ መኪና ነው የሚመጡት። ግን ዓሣ የጫነ ትከሻ ሲገፋ ይገፋል። አንዱ ሲደክም ሌላው ቦታውን የሚይዝበት፣ ማንም ሳያዝ ሁሉም ሥራውን የሚያውቅበት ሁኔታ ከመጋዘኑ አብሯቸው የመጣ ነበር። ሚስተር ኬንጂ በዚያው ነው የተጠቀሙት እንጂ ሌላ ብልሃት አላስተማሯቸውም። እዚያ ሊግ አንድ ዓመት እየወደቁ እየተነሡ ቆዩ። በሚቀጥለው ዓመት ላይኛው ሊግ ለመግባት አንድ ጨዋታ ብቻ ቀራቸው።

ጨዋታው አሌክሳንድሪያ ነበር። ከበርክና ከጌይተርስበርግ ሳይቀር ሐበሻ መጥቷል። የሚበዛው ሕጉን አያውቅም፤ እኔን ይጠይቁኝ ነበር። ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ባላጋራዎቹ በሦስት ነጥብ ይመሩ ነበር፤ የኛዎቹ ሊይዟቸው አልቻሉም። ያኔ ሽፈራው ኳሱን ይዞ መሐል ለመሐል ገባ። ሦስት ሰው ተረባረበበት። ሲወድቅ የተሰማውን ድምፅ ዳር ላይ የቆምነው ሰማነው። አጠገቤ የነበረች ሴት “እኔን” አለች።

ሜዳው ውስጥ ግን እንዲያ ያለ የለም። ሽፈራው እንደወደቀ ኳሱን ወደ ወገኑ አኖረው። ቢንያም ከእግሩ ሥር አነሣውና በላዩ ተራምዶት ሄደ። የቀሩትም ተከትለውት በረሩ። ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። ቢንያም መስመሩን አልፎ ኳሱን መሬት ላይ ሲያሳርፍ እኔ እሱን አልነበረም የማየው። ሽፈራው ብቻውን ጭቃው ላይ ተኝቶ፣ አገጩን በእጁ ደግፎ፣ ጥለውት የሚሮጡትን ልጆች እያየ ይሥቅ ነበር።

ፊሽካው ሲነፋ ነው ትዝ ያላቸው። እየሮጡ መጥተው ከበቡት።

“ጋሽዬ፣ ተጎዱ እንዴ? እኔን!”

“አሁን ይቻላል” አላቸው። “አሁን አንሡኝ።”

በላይኛው ሊግ የመጀመሪያውን ጨዋታ ሽፈራው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወተ። ተሸነፉ፤ እሱ ግን ያዘነ አይመስልም። ከዚያ በኋላ ቦታውን ለአንድ ወጣት ለቀቀና እኔ የምቀመጥበት አግዳሚ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። ቡድኑ እዚያ ሊግ ጥቂት ዓመት በክብር ቆየ። በኋላ ኩባንያው መጋዘኑን ወደ ሌላ ስቴት ሲያዛውር ተበተነ። ሚስተር ኬንጂ ሊሰናበቱን ሲመጡ ለእያንዳንዳችን አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡን። እንደዚያ ያለ ኩባንያ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

አሁን እኔም አርጅቻለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከልጄ ከዳዊት ጋር ነው የምኖረው። ዳዊት ከባድ ነገር አያስነሣኝም፤ በአውቶቡስ ልሂድ ስል የመኪናውን ቁልፍ ያነሣል። ቅር አይለኝም፣ አክብሮቱ ነው። በልጅነቴ አገር ሽማግሌ ከዚህ የበለጠ ይከበር ነበር። ግን በዓመት አንድ ቀን እንደማንም ሰው የሚገፋበት ሜዳ ነበረው። እዚህ እንዲያ ያለ ቀን የለም፤ ሰው ራሱ ካልፈለገው።

ባለፈው በረዶ በጣለ ጊዜ ዳዊት ሳይነሣ አካፋውን ይዤ የበሩን መንገድ መጥረግ ጀመርኩ። ጃኬቱን እንኳ ሳይቆልፍ ወጣ።

“እማዬ፣ ፕሊዝ። ግቢ። አይ ጋት ኢት፣ እኔ እጠርገዋለሁ።”

“ግማሹ የኔ ነው” አልኩት።

ጋራዥ ገብቶ ሌላ አካፋ አመጣና ከመኪናው በኩል ጀመረ። ሲዝቅ አንድ ሙሉ አካፋ በረዶ እኔ የጠረግሁት ላይ መጥቶ አረፈ።

“የኔን ቦታ አበላሸህብኝ” አልኩት።

“እንግዲህ ድገሚዋ” አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ደገምኩት።