በቃሬዛው ዘንግ ውስጥ ያለው ውታፍ

የሰፈራችን ቅሬ፣ ማለትም የቀብር እድራችን፣ ሟቾቹን የሚሸከምበት አሮጌ ቃሬዛ በምስጥ ተበልቶ ሲያበቃ፣ የቅሬው ዳኛ አዲስ እንዲሠሩላቸው የጠየቁት አባቴን ነበር። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደሴ ውስጥ በአናጢነት ኖረዋል። ያን ጊዜ ግን ሳንባቸው ደክሞ፣ ከአልጋቸው ተነሥተው በረንዳ ለመድረስ እንኳ ግድግዳ ይደገፉ ነበር። ዳኛው ይህን እያዩ ለምን እንደጠየቋቸው ዛሬም በትክክል አይገባኝም፤ ምናልባት አክብሮት ነው። አባቴ እሺ አሉና ሥራውን ለእኔ አስተላለፉት።

እኔ ኮምቦልቻ እየወረድኩ ስለ ሸክምና ስለ ቁሶች ጥንካሬ አስተምራለሁ። ከሥራ ስመለስ በአባቴ መሣሪያዎች መደርደሪያም በርጩማም እሠራለሁ፤ ቃሬዛ ግን ሠርቼ አላውቅም ነበር። አባቴ ያዘዙኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ምስማር እንዳላስገባበት፣ ርዝመቱንም ከአሮጌው ላይ እንጂ ከሰው ቁመት ላይ እንዳልወስድ። ሁለተኛውን ሲሉ ፈገግ ብለው ነበር።

«በሰው ልክ ከሠራሽው፣ ልብስ እንዳሰፋ ሰው መጥቶ ይረከብሻል።»

እንጨቱ ጥድ ነው፤ ኩታበር የሚኖር የቅሬው አባል ከግቢው ቆርጦ የሰጠው። ሁለቱን ረጃጅም ዘንጎች ልጌ፣ አግዳሚዎቹ የሚገቡባቸውን ቦታዎች በእርሳስ አመለከትኩና በመሮ መቦርቦር ጀመርኩ። አንደኛውን ጨርሼ የሁለተኛው መካከል ላይ ስደርስ አባቴ ከውስጥ በስሜ ጠሩኝ። ድምፃቸው ጤነኛ ሳሉ እንደነበረው ወፍራም ነበር። በእኛ ቤት የጠራውን ሳያዩ አቤት አይባልም፤ እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ያስጠነቀቀችኝ ነው። እኔ ግን መሮውን እንደያዝኩ አቤት ብዬ ገባሁ። አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። ትንፋሻቸው እንደ ወትሮው አጭርና ቀጭን ነበር።

ተመልሼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ቀዳዳውን ከጨረስኩ በኋላ ነው ከምልክቱ ስንዝር ያህል ርቄ እንደቦረቦርኩ ያየሁት። የእርሳሱ መስመር ሳይነካ በቦታው አለ። ስህተቴ ያረፈው ደግሞ የሟቹ ወገብ በሚያርፍበት፣ ዘንጉም ከየትኛውም ቦታ ይልቅ በሚጎብጥበት መካከል ላይ ነበር።

ያን ያህል ቀጥ ያለ ሌላ ጥድ አልነበረንም። ስለዚህ ከዚያው ዘንግ ጫፍ ከተረፈው ቁራጭ ውታፍ አዘጋጀሁ። የእንጨቱ መስመሮች ከዘንጉ መስመሮች ጋር እስኪገጥሙ ድረስ ደጋግሜ አዟዟርኩት፤ ሲገጥሙ ኮላ ቀብቼ በቀስታ አስገባሁት። በዙሪያው የቀረውን ስንጥቅ በራሱ በጥዱ ብናኝ ሞላሁ፤ ሲደርቅ ላግኩት፣ በብርጭቆ ወረቀትም አሸሁት። ምልክት አላደረግኩበትም። ምልክት ካለው ጥገናው ምን ትርጉም ይኖረዋል ብዬ ነው።

ቃሬዛው ሲገጣጠም ጫፎቹን ድንጋይ ላይ አሳርፌ የጤፍ ከረጢቶች ጫንኩበት። አልጮኸም። ሆኖም ከረጢት ዝም ብሎ ይተኛል። በቀብር ላይ ግን ሰዎች ትከሻ ይቀያየራሉ፣ በጥድፊያ ይራመዳሉ፣ መንገዱም ቁልቁለት ነው። ያን የሚመስል ፈተና ማዘጋጀት አልቻልኩም። ዘንጉ ቢሰበር በላዩ ያለው ሰው በሕዝብ ፊት መሬት ላይ ይወድቃል። ያ ሰው ማን እንደሚሆን ደግሞ በቤታችን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሁለቱንም ዘንጎች በመዳፋቸው ዳሰሱ። ውታፉን ሳያቆሙ አለፉት። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ «ያን ቀን የጠራሁሽ እኔ አይደለሁም» አሉኝ።

ስለ ጥሪው ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ማን ነው ታዲያ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አላህ ይወቅ። እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ዞር ማለት ፈርቼ ነው። ድምፁ ግን የኔው ነበር።»

በዚያው ክረምት አረፉ። ጠዋት ጉሙ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ሁሉ ሸፍኖት ነበር። ወንዶቹ ከፍነው አወጧቸውና ቃሬዛው ላይ አስተኟቸው። እኔ ውታፉን በዓይኔ ፈለግኩት። አጣሁት። ጠጋ ብዬ አንዱን ዘንግ፣ ቀጥሎም ሌላውን ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ በጥፍሬም ፈተሽኩ። ሁለቱም ከራስጌ እስከ ግርጌ አንድ ወጥ እንጨት ነበሩ። ሴቶቹ ኀዘን የጣለኝ መስሏቸው «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እያሉ ክንዴን ያዙኝ።

ዳኛውን ወደ ጎን ጠርቼ አንደኛው ዘንግ መካከሉ ላይ የተጠገነ መሆኑን ነገርኳቸው።

«የቱ?» አሉኝ።

ዓይኔ ከአንዱ ዘንግ ወደ ሌላው ተመላለሰ። ጥቂት አይተውኝ ወደ ወንዶቹ ተመለሱና፣ በጫፎቹ ብቻ ሳይሆን በሁለቱም በኩል መካከል ላይ ሰው እንዲገባ አዘዙ። ከዚያ ተሸክመው ወጡ። እኛ ሴቶቹ ግቢ ውስጥ ቀረን። «ላ ኢላሃ ኢለላህ» የሚለው ድምፅ በጉሙ ውስጥ እየራቀ ሄደ። በዙሪያዬ ሁሉም ያለቅስ ነበር፤ እኔ የእንጨት መሰበር ድምፅ እየጠበቅኩ ማልቀስ አልቻልኩም።

ከሰዓት በኋላ ዳኛው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። አባትሽ በሰላም ገብተዋል፣ ቃሬዛውም አልተነቃነቀም አሉኝ። አመሰገንኳቸው። ሊነሡ ካሰቡ በኋላ ግን መልሰው ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በቀኝ በኩል የነበሩት ትከሻቸው ተልጦ ነው የተመለሱ። የግራዎቹ ግን ወላሂ ምንም አልከበደንም ይላሉ። አንዱማ፣ መካከል ላይ ከኛ ጋር የገባው ሰውዬ ማን ነው ብሎ ጠየቀኝ። በግራ መካከል ሰው አልገባም ነበር፤ ሰው አንሶን።»

አዲስ ዘንግ ልሥራ ብዬ ለመንኳቸው። ይቆይ አሉ።

ቃሬዛው ከዚያ ወዲህ ብዙ ጎረቤቶቻችንን ወስዷል። ቀብር በደጃችን ሲያልፍ በር ላይ ቆሜ የተሸካሚዎቹን ትከሻ እመለከታለሁ። በቀኝ ያሉት ጥቂት እንደሄዱ ይቀያየራሉ። በግራ ያሉት ሳይቀያየሩ መታጠፊያውን ያልፋሉ።