አንድ ጠርሙስ የምንጭ ውሃ ለጋሼ ፒኖ

የምኖርበት የሜልቦርን ዳርቻ ዋይንድሃም ቬል ገና አብዛኛው ሜዳ ሳለ፣ ጋሼ ፒኖ የምላቸው ጣሊያናዊ ጎረቤት ነበሩኝ። ብቻቸውን ስለሚኖሩ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ይመስለኝ ነበር። ወደ ደሴ ስሄድ ሮም ላይ ጥቂት ቀን ለማረፍ ቡክ ማድረጌን ሲሰሙ፣ «እባክህ፣ ከመንደሬ ምንጭ አንድ ጠርሙስ ውሃ አምጣልኝ» አሉኝ።

ከሮም ወደ መንደራቸው የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ተራራውን እየተጠማዘዘ ወጣ። የድንጋይ ቤቶቹ ጫፉ ላይ ተጠጋግተዋል። ከደኑ የሚነሳው ጉም የደሴውን ጦሳ ተራራ አስታውሶኝ ሆዴ ባባ።

ከምንጩ ጠርሙሱን ስሞላ አንዲት አሮጊት በእንግሊዝኛ፣ ያውም በአውስትራሊያ አነጋገር፣ «ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለጎረቤቴ ለፒኖ፤ ሜልቦርን ነው ያሉት።»

ጠርሙሱን ከእጄ ወስደው ውሃውን መሬት ላይ ደፉት።

«ከጠማው መጥቶ ይጠጣ በለው!»

«ማን አሉ ልበላቸው?»

«ሚስቱ ነኛ! አገሬ ናፍቆኝ ተመለስኩ። ይከተለኛል ብዬ ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት ጠበቅሁት።»

ሜልቦርን ተመልሼ እንደ ምንም ነገርኳቸው። ጋሼ ፒኖም፣

«ተቆጥታለች?» አሉኝ።

«በጣም።»

ፊታቸው በራ።

«እንግዲያው ቲኬት ቡክ አድርግልኝ።»