በረንዳው ላይ የታሰረው አንቴና

ሽንኩርት ትኩስ ዘይት ውስጥ ገብቶ ሽሽሽ ባለ ቁጥር ዛሬም ጆሮዬን አቆማለሁ፤ የእማዬ ስካነር፣ በስደት በኖርንበት ከተማ፣ ጀፕስታውን በሚባል ሰፈር በነበረው ሦስተኛ ፎቅ ቤታችን፣ ቀኑን ሙሉ እንዲያ ሲል ነበር የሚውለው። ስካነር የሚሉት የጥበቃ ሠራተኞች የሚነጋገሩትን የሚጠልፍ በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ ሲሆን፣ እማዬ ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ተጨቃጭቃ ገዝታው ነበር።

አባዬ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ካትሌሆንግ በሚባል ሎኬሽን፣ ማለትም የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ሱቅ ነበረው፤ ሳምንቱን እዚያው እያደረ እሑድ እሑድ ብቻ ይመጣልን ነበር። በዚያ ዓመት የብርዱ ወራት የአበሻ ሱቆች መዘረፍ ጀምረው ስለነበር፣ አባዬ ስልክ ባላነሳ ቁጥር እማዬ ፊቷ አመድ ይመስል ነበር። የምትፈራው መርዶ ነበር። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌዎች ተሰባስበው ማለዳ በር ያንኳኳሉ። አንዲት ጎረቤታችን ባሏ መሞቱን ሰው ሁሉ እያወቀ፣ እሷ ብቻ ሳትሰማ ገበያ ስትዞርና ከሰው ጋር ስትስቅ ውላ ነበር፤ እማዬ ያንን ሳቅ መርሳት አልቻለችም። «እኔን እንዲህ አያደርጉኝም፤ የመጣው ቢመጣ በገዛ ጆሮዬ ነው የምሰማው» ትል ነበር።

ታዲያ ስካነሩ ላይ የነበረችው አጭር የጎማ አንቴና ከሰፈራችን አልፋ አትሰማም ነበር። እማዬ መጀመሪያ የሚመዘዝ ረጅም አንቴና ቀየረችለት፤ እሱም ካትሌሆንግ አልደርስ አለ። ብርዱ ሲለቅ የውጭ አንቴና ገዝታ፣ በረንዳው ብረት ላይ በሽቦ ጠፍራ አሰረችውና ኬብሉን በመስኮት አስገብታ ከስካነሩ ጋር አገናኘችው። ወዲያው የሩቅ ሰዎች ድምፅ ቤታችንን ሞላው። የአገሬውን ቋንቋ ዙሉን የምችለው ከትምህርት ቤት የለመድኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ «ምን አሉ?» በተባልኩ ቁጥር እተረጉም ነበር። ለአንድ ሱቅ ብለን የከተማውን ግማሽ መከራ ቤት አስገባነው፤ የማናውቀው ሰው መኪና ሲሰረቅ እንኳ እማዬ እራት አይበላላትም ነበር። አባዬ እሑድ መጥቶ አንቴናውን አይቶ ሳቀ።

«አስቱ፣ አሁን የቀረሽ ጨረቃ ላይ ያለውን መስማት ነው።»

«አንተ ሳቅ። ስልክህን ግን አንሳ።»

ዝናቡ ሲገባ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ስለማይጠፋ፣ ደመና ሲጠቁር ኬብሉን መንቀል የእኔ ሥራ ነበር። አንድ ቀን ልነቅል እጄን ስዘረጋ የአባዬ ሱቅ ያለበትን መንገድ ስም ሰማሁ። ሰው ተሰብስቧል፣ የኢትዮጵያዊው ሱቅ በር ተሰብሯል፣ አንድ ሰው ወድቋል ይላል ድምፁ። ሁሉንም ተረጎምኩላት፤ ምን ላድርግ፣ ዓይኗ አፌ ላይ ነበር። ነጎድጓዱ መስኮቱን ቢያንቀጠቅጠውም ኬብሉን አላስነቅል አለች። ከዚያ ዝናቡ ወረደና ሬዲዮው ሽሽታ ብቻ ሆነ። የአባዬ ስልክ ዝግ ነው፤ ብትለምንም ወደዚያ የሚሄድ ሹፌር አልተገኘም። እማዬ ስካነሩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ተቀምጣ አደረች።

ሊነጋጋ ሲል በር ተንኳኳ። እማዬ በበሩ ቀዳዳ አየች፤ የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ተሰማ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል። በሩን በጀርባዋ ደግፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አልሰማም! ሂዱልኝ!»

«አስቴር፣ ክፈቺ ልጄ፤ ደህና ነው» አሉ ጋሽ ተሰማ።

«እንደሱ ነው የምትሉት!»

አንድ ቃል ለመስማት ስንት ወር የለፋች ሴት ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ነበር። እኔም እግሯ ላይ ወድቄ አለቅሳለሁ። ከሽማግሌዎቹ ኋላ፣ ከደረጃው በኩል፣ እግሩን እየጎተተ የሚወጣ ሰው «ምነው አይከፈትም እንዴ?» ሲል የአባዬ ድምፅ መሆኑን አወቅሁና እሷን ገፍቼ በሩን ከፈትኩት።

ወደቀ የተባለው እሱ ነበር። ግንባሩ ተፈንክቶ፣ እግሩ ተጎድቶ፣ ስልኩ ተወስዶ፣ ደንበኛው የሆነች አንዲት አሮጊት ቤቷ ደብቃው አምሽቶ፣ እኩለ ሌሊት ላይ በእሷ ስልክ ለጋሽ ተሰማ ደውሎ ነበር። እሳቸውም «እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም፤ በዓይኗ ትየው» ብለው ለእማዬ እንዳይደውል ከልክለው፣ ሽማግሌ ይዘው ሄደው አመጡት። እማዬ አባዬን ከማቀፏ በፊት እኒያን ትልቅ ሰው ኮታቸውን ይዛ ነቀነቀቻቸው። «ለደህና ሰው እንዲህ ይመጣል?» እያለች ታለቅስ ነበር፤ ጋሽ ተሰማም እንዳሻት ተነቀነቁላት።

አባዬ ወደ ካትሌሆንግ አልተመለሰም። እኔ ዛሬ ባሌ የት መንገድ ላይ እንዳለ ስልኬ ላይ አያለሁ፤ ሲያመሽ እበሳጭበታለሁ እንጂ ያን ያህል አልፈራም። ወላጆቼ ጋ ግን በማለዳ ሄጄ ሳንኳኳ፣ እማዬ ማን እንደሆንኩ አትጠይቀኝም። ከበሩ ኋላ ቆማ «ስንት ናችሁ?» ትላለች፤ ብቻዬን ነኝ ስላት ትከፍታለች።