አልደርቅም ያለው ወለል

ባሌ ኮንክሪት አቡኪ ነው። ጽሑፍ ላይ ደካማ ነኝ፣ ግን ስለ እሱ የማውቀውን ልሞክር። በሥራ ቦታው «ሐኪሙ» ይሉታል፤ ኮንክሪቱ ውስጥ መድኃኒት የሚጨምረው እሱ ነዋ። አንዱ መድኃኒት ቶሎ ያደርቃል፣ አንዱ ውሃ ሳይጨመር ያቀጥናል፣ አንዱ ደግሞ ያዘገያል። የሚያዘገየው ፀሐይ ሲበረታ ነው የሚገባው፣ ኮንክሪቱ ሳይስተካከል እንዳይደርቅ።

እናቱ እኛ ጋ ሊኖሩ ሲመጡ ከጓሮ አንድ ክፍል ሠራላቸው። ወለሉን የሞላው ብቻውን ነው። እንዲህ ነው እሱ፣ ሰው ማስቸገር አይወድም። ተረጋግቼ ልለስነው ብሎ የሚያዘገየውን መድኃኒት ጨመረ። በዓይኑ ነው የለካው። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። አየሁት። እሱ ያውቃል ብዬ ዝም አልኩ።

በማግስቱ ወለሉ ጣት ያስገባል። በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን ያው። የእናቱ አልጋ በረንዳ ላይ ቆሞ፣ እሳቸው ከልጆቻችን ጋር ተጣብበው ያድራሉ። ጎረቤታችን ግንበኛው በአጥር ብቅ አለና፣

«ሐኪሙ! በሽተኛህ ዛሬም አልተነሳም?» አለው።

ባሌ ፊቱ ተለዋወጠ። እናቱ ሰው አዲስ ኮንክሪት ሲያጠጣ አይተው ጠዋት ጠዋት ወለሉ ላይ በጣሳ ውሃ ይረጩ ነበር።

«ምን ላድርግ፣ እማ ውሃ አጠጥታ አበላሸችው» አለ።

እናቱ ጣሳውን አስቀመጡ። «አይ የኔ ነገር! እርጅና ነው ልጄ፣ ይቅር በለኝ።»

ከዚያ ወዲያ ባሌን እህል አልወርድ አለው። «ውሃው እኮ ደግ ነው የሠራው» አለኝ ብቻችንን ስንሆን። «ላዩ እንዳይሰነጠቅ የያዘው እሱ ነው። መድኃኒት ያበዛሁት እኔ።»

ለእናትህ ንገር ልለው ይገባኝ ነበር። እኔም አፈርኩ።

ኋላ ወለሉ በራሱ ጊዜ ጠነከረ። በመዶሻ ቢመታው ቋ አለ። እናቱ ደረታቸውን ይዘው፣ «ተመስገን! ጥፋቴን ፈጣሪ ሸፈነልኝ» አሉ።

ይህን ሲሰማ ባሌ አልቻለም። «እማ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። መድኃኒቱን ያበዛሁት እኔ ነኝ።»

«በጎረቤት ፊት ስትወቅሰኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

 ኮንክሪት ከጠነከረም በኋላ ውሃ ይፈልጋልና ባሌ ጣሳውን አነሳላቸው። «እንቺ፣ አንቺ አጠጪው። እጅሽ ያውቅበታል።»

«አንተው አጠጣው፣ ሐኪሙ» አሉ፣ ሳይቀበሉት።

ሁልጊዜ «ልጄ» ነበር የሚሉት።

አሁን ጠዋት ጠዋት የሚረጨው እሱ ነው። እናቱ በረንዳው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሽንኩርት ይልጣሉ። እሱ ጣሳውን ሲሞላ አንዴ ዞር ብሎ ያያቸዋል።