ቁጥር አልሆን ያለው ዓምድ

ፋይሉ አልሠራም ሲለኝ መጀመሪያ የጠረጠርኩት መረጃውን የሰበሰበችውን ልጅ ነው። ፕሮግራሙን አልጠረጠርኩም፤ ራሴንማ ጭራሽ።

አሶሳ ተመድቤ የመጣሁ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነኝ። ያን ጊዜ የእናቶችን ዕድሜ የሚጠይቅ ጥናት ይዤ ሁለት መረጃ ሰብሳቢዎች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ወደ ገጠር ልኬ ነበር። የወንዱ ፋይል ወደ ስታትስቲክስ ፕሮግራሙ ኮሽ ሳይል ገባ። የሷን ግን አማካይ ዕድሜ አውጣ ስለው ዓምዱ ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ነው ብሎ በቀይ መለሰልኝ። ትርፍ ክፍት ቦታ ይሆናል ብዬ አጸዳሁ። ነጥብና ሰረዝ አምታትታ ይሆናል ብዬ ያንንም አየሁ። አሁንም እምቢ አለ። በመጨረሻ ፋይሉን ራሱን ከፍቼ ሳነብ፣ በዕድሜ ቦታ «አርባ ይሆናል፣ አላውቅም ብለዋል» ይላል። ከሥሩ የሌላዋ እናት ዕድሜ ደግሞ «ሰፋሪዎች ሲመጡ እንጨት ትለቅም ነበር»።

በገንኩ። ቤቷ ተቀምጣ የፈጠረችው መሰለኝ። ስሟን ከጥናቱ ሁለተኛ ዙር ልሰርዝ ቆረጥኩ፤ በዚህ ሥራ ክፍያ ትምህርቷን ልትቀጥል እንዳሰበች እያወቅኩ። ብቻ እጅ ከፍንጅ ልያዛት አልኩና በማግስቱ በባጃጅ ይዣት በባምባሲ መንገድ ወጣሁ። የምንገባበትን ቤት ከፋይሏ ውስጥ የመረጥኩት እኔ ነኝ። አስቀድሜ አልነገርኳትም።

ሴትዮዋ ደጃፋቸው ላይ ማሽላ ያበጥሩ ነበር። ዕድሜያቸውን ስጠይቅ ሳቁና በበርታ ቋንቋ የሆነ ነገር አሉ። ልጅቷ ልትተረጉም ስትል ከለከልኳትና አጥር ጥግ የቆመ ጎረቤት ገበሬ ጠራሁ፤ ሰፋሪ ነው፣ ቋንቋውን ለምዷል።

«ሰፋሪ ሲመጣ እንጨት እለቅም ነበር ነው የሚሉት» አለኝ። «እኛ በድርቁ ዘመን ስንመጣ እንጨት ለቃሚ ልጅ ነበርኩ ማለታቸው ነው።»

 በባጃጁ ተመልሰን ከተማው መግቢያ ላይ ስንደርስ እሷ ጀመረች።

«መምህር፣ ወላሂ ቁጥር መጻፍ ይቀለኝ ነበር። ግን ሰው ያላለውን እንዴት ብዬ ልጻፍ?» ቀጥላም፣ «የእርስዎ የመመረቂያ ፋይልስ እንዲህ አስቸግሮዎት ነበር?» አለችኝ።

«የኔ በአንዴ ነው የገባው» አልኳት።

አልዋሸሁም። ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጬ፣ በራቸውን ያላንኳኳሁባቸውን ሴቶች ዕድሜ ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት፣ አርባ እያልኩ ባንድ ከሰዓት የሞላሁት ፋይል ነው። አንድም ስህተት አላሳየም። በዲግሪውም ነው ዛሬ መምህር የምባለው።

ቢሮ እንደገባሁ ኮሽ ሳይል የገባውን የወንዱን ፋይል ከፈትኩ። ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት፣ አርባ ይላል። ስሙን ከሁለተኛው ዙር ዝርዝር ልሰርዝ እስክሪብቶ አነሳሁና አፈርኩ፤ እስክሪብቶውን መልሼ አስቀመጥኩት።