ዓይናዲስን የሚያውቅ ሰው

ዓይናዲስ አረጋ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልፋ የዩኒቨርሲቲ ምደባዋ የመጣ ጊዜ አባቷ በግ አርደው፣ በአገሯ በገነተ ማርያም ያለ ዘመድ ሁሉ እልል ብሎላት ነበር። መስከረም ሲጠባ ግን የሄደችው ወደ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ወደ ፍቅረኛዋ ወደ ደሳለ ቤት ነው፤ አርግዛ ነበርና። እልል ያለው ሰው ሁሉ ያን ቀን አልረሳውም። ላሊበላ መጥታ ከአንድ ሆቴል ልብስ አጣቢ ሆና ስትቀጠር እንኳ ወሬው ቀድሟት ደርሶ ጠበቃት።

«ዶክተር፣ አንሶላው ደረቀልን?» ይሏታል የሥራ ጓደኞቿ። «ዶክተር፣ ይቺ ትራስ ትኩሳት ሳይኖርባት አይቀርም፣ እስቲ ዳብሻት!»

ዓይናዲስ አብራ ትስቅ ነበር። ምን ታድርግ? ሰው ሲስቅ ለብቻ መኮሳተርም ሌላ መሳቂያ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ጎብኚ ጠፋ፤ ሆቴሉ ተዘጋ። አስጎብኚ የነበረው ባሏ ደሳለም ሥራ ፍለጋ ሰመራ ወረደ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፤ ቀጥሎ በየወሩ። ድምፁን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችው የጥምቀት ከተራ ዕለት ነው፤ እሱንም መስመሩ እየተቆራረጠ። እሷ የአራት ዓመት ልጇን ትሕትናን ይዛ፣ ከእትዬ ሙሉሃብት ግቢ በተከራየቻት አንዲት ክፍል እየኖረች፣ በየቤቱ እየዞረች ልብስ ታጥባለች። ቀኑን ሙሉ ሰው ቤት ትውላለች፤ ግን የምታወራው ከሳፋው ጋር ነው።

የካቲት ላይ፣ እጇ በሳሙና አረፋ እንደተሞላ፣ የሰው ሬዲዮ ስታደምጥ አንድ ማስታወቂያ ሰማች። ትምህርታቸውን ያቋረጡ እናቶችን ወልድያ ላይ አዋላጅ ነርስነት የሚያስተምር፣ የቤት ኪራይና ቀለብ የሚችል፣ ልጅ ይዞ መምጣትም የማይከለክል ነጻ የትምህርት ዕድል። ስልኳን ቤት ትታ ነበርና ቁጥሩን የምትጽፍበት ነገር ብታጣ በሳሙናው ጫፍ በሳፋው ጎን ላይ ጻፈችው። ከዚያ ወረቀት ላይ እስኪገለበጥ ድረስ ውኃ እንዳይነካው እንደ ሕፃን ጠበቀችው።

ለማንም አልተናገረችም። በአገሯ ያልተያዘ ነገር አይወራም፤ ወሬ ዓይን ያመጣል ይባላል። እሷ ደግሞ ከዓይኑ ይልቅ የፈራችው ሳቁን ነው። አንዴ እልል ተብሎላት ቀርታለች። ሁለተኛ ብትቀር ከላስታ የት ትሸሻለች?

ስትደውል ማመልከቻው በኢንተርኔት የሚሞላ ቅጽ ነው አሏት፤ ከተማው ውስጥ ግን ኢንተርኔቱ መጣ ሲሉት ይሄዳል። ስለዚህ ሦስት ቀን በተከታታይ ከሰዓት በኋላ ትሕትናን አዝላ በአሸተን ማርያም ገዳም መንገድ ወደ ተራራው ወጣች። አንዲት ጠመዝማዛ ላይ ሲደርሱ መስመሩ ይሻላል። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቅጹን ሞላች። «ስለ ራስዎ ይጻፉ» የሚለውን ጽፋ አጠፋች፤ መልሳ ጽፋ አጠፋች። በመጨረሻ «ሥራ አልንቅም፤ የጀመርኩትን መጨረስ እፈልጋለሁ» ብላ አለፈችው። ቅጹ ደግሞ እንዲህ አለ፦ ዘመድ ያልሆነ፣ ከሦስት ዓመት በላይ የሚያውቅዎ ሰው ስምና ስልክ። ያለ ማመንታት የአከራይዋን የእትዬ ሙሉሃብትን ጻፈች። አራት ዓመት አንድ በር ገብተው አንድ በር ወጥተዋል፤ ከዚህ በላይ መተዋወቅ ምን አለ?

ለእትዬ ሙሉሃብት ግን «እንዲህ አድርጌያለሁ» አላለቻቸውም።

አሥር ቀን ያህል ቆይቶ፣ ከልብስ አጠባ ስትመለስ እትዬ ሙሉሃብት በራቸው ላይ ሆነው ምስር ይለቅማሉ። ገና ከሩቅ ፊታቸው በርቷል።

«ነይ እስቲ፣ ተቀመጪ። ዛሬ ከጉድ አወጣሁሽ!»

«ከምን ጉድ፣ እትዬ?»

«አንዲት ሴት ደወለች። ንግግሯ የአዲስ አበባ ነው። ‹ዓይናዲስ አረጋ የምትባል ሰው ያውቃሉ?› አለችኝ። ለእኔ! ስንቱ ባለ መሣሪያ በዚህ በር ቆሞ ‹እገሌን ታውቂያለሽ?› ሲለኝ ‹አላውቅም› እያልኩ የሰው ልጅ ያተረፍኩ ሴት! ‹እንዲህ የምትባል ሰው በሰፈራችንም በዘራችንም የለችም› አልኳት። ‹እርግጠኛ ነዎት?› ትለኛለች ደግሞ። ‹ማርያምን!› ብዬ ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።»

ዓይናዲስ ትሕትናን ከጀርባዋ ማውረድ አቃታት። እንዳዘለቻት ቁጭ አለች።

«ምነው? ዛር ወረደብሽ?»

ነገረቻቸው። ከሬዲዮው ጀምራ እስከ ጠመዝማዛዋ ድረስ፣ አንድ ሳታስቀር። እትዬ ሙሉሃብት ምስሩን አስቀመጡት።

«አራት ዓመት ሙሉ አንድ ግቢ! አንድ ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«እንዳይሳቅብኝ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«እኔ ስቄብሽ አውቃለሁ?»

ዓይናዲስ አሰበች። ስቀውባት አያውቁም። የሳቁት ሌሎች ነበሩ፤ እሷ ግን በሩን የዘጋችው በሁሉም ላይ ነው። እትዬ ሙሉሃብት ምስሩን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ።

በማግሥቱ ጠዋት ራሳቸው መጥተው አንኳኩ። «በይ ደውያት፤ እኔ እናገራለሁ» አሉ። ትናንት የደወለችው የትምህርት ዕድሉ ቢሮ ሴት ማኅሌት ትባላለች።

«እማማ፣ ትናንት አላውቃትም ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ትናንት አንቺን ስለማላውቅሽ ነዋ!»

«ዛሬስ ያውቁኛል?»

«ዛሬም አላውቅሽም። እሷን ግን አውቃታለሁ። ድሮም አውቃታለሁ!»

ማኅሌት ሳቀች። ለዓይናዲስ ግን ሳትስቅ ነገረቻት፦ አንዴ «አላውቅም» ያለ ምስክር ተመልሶ አይያዝም። ነገ እኩለ ቀን መዝገቡ ይዘጋል። እስከዚያ ሌላ ሰው ከተገኘ ይሁን።

ዓይናዲስ ሳፋዋ አጠገብ ተቀምጣ በጣቷ ቆጠረች። አባቷ ዘመድ ናቸው፤ አይሆኑም። አስተማሪዎቿ በጦርነቱ ተበትነዋል። የሆቴሉ ሴቶች? «ዶክተር» ከሚለው በቀር ስሟን የሚያስታውስ መኖሩን እንጃ። ልብስ የምታጥብላቸው ሰዎች የሚያውቁት እጇን ነው። ያለ ደሳለ ማን የልቧን ሰምቷል? ጣቶቿ አላለቁም፤ ሰው ግን አለቀባት። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ትዝ አላት፤ የንስሐ አባቷ፣ አባ ገብረ ሊባኖስ።

ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጠብቃ፣ መስቀል ተሳልማ፣ ጉዳይዋን ነገረቻቸው።

«ልጄ፣ ችግር አለ» አሉ አባ። «የማውቀውን አልናገርም፤ የምናገረውን ደግሞ አላውቅም። የነገርሽኝ ሁሉ መቃብር የገባ ነው።»

«የነገርኩዎትን ተዉት፣ አባቴ። በዓይንዎ ያዩትን ብቻ ይናገሩ።»

«በዓይኔ ያየሁትማ አለ» አሉ ጢማቸውን እየዳሰሱ። «በይ ደውዪ።»

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዓይናዲስ ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጋ ሰጠቻቸው። አምስት ሰዓት ሊሆን ነው።

«ስንት ዓመት ያውቋታል፣ አባ?»

«አምስት።»

«ታታሪ ናት?»

«ሆቴሉ ከተዘጋ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የአረጋውያን ካህናትን ጋቢ ታጥባለች። ማንም አላዘዛት። ‹ስንት ነው?› ስንላት ‹ጸልዩልኝ› ትላለች። ጋቢ ስታጥብ ውኃውን የምትቀዳው ከታች ነው፤ ዳገቱን አንቺ አላየሽውም።»

«ጥሩ ነው፣ አባ። ድክመቷስ ምንድን ነው?»

አባ ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው እባብ እንደያዘ ሰው አዩት።

«ልጄ፣ እኔ እኮ የንስሐ አባቷ ነኝ። ይህን ከእኔ አትጠይቂ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ግን ቅጹ ላይ ባዶ ቦታ መተው አይቻልም።»

«እንግዲያውስ የኔን ጻፊበት።»

«የእርስዎን?»

«አዎ፣ የኔን። ቶሎ እቆጣለሁ፤ ቅዳሴ ላይ እንቅልፍ ያዳፋኛል። ይቺን ልጅ ደግሞ አምስት ዓመት ሙሉ ኃጢአቷን ስሰማት ‹ለመሆኑ ከማን ጋር ነው የምትውይው?› ብዬ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። እሱን ጻፊ።»

ከወዲያ ማዶ የመጻፊያ ቁልፎች ድምፅ ተሰማ። ዓይናዲስ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ገደሉ ዞረች። አባም አላዩዋትም፤ ስልኩን መልሰው ሲሰጧት «እንዴት ነው የሚዘጋው ይሄ?» ብቻ አሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ «ተቀብለንሻል» የሚል መልእክት ደረሳት። ወዲያው ለደሳለ ደወለች። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» አላት ስልኩ። ደገመች፤ ሠለሰች። ከዚያ ወደ እትዬ ሙሉሃብት በር ሄዳ አንኳኳች።

«እልል ልበል ወይስ ዝም?» አሉ ሰምተው ሲያበቁ።

«ቀስ ብለው እልል ይበሉ።»

እትዬ ሙሉሃብት አፋቸውን በእጃቸው ከልለው፣ ጎረቤት እንኳ በማይሰማው ድምፅ እልል አሉላት። ትሕትና ብቻ ሳቀች።

ወልድያ የደረሱት ሚያዝያ ውስጥ፣ ከፋሲካ በኋላ ነው። የሰጧት ክፍል ስድስት በር ካለበት ግቢ ነው፤ ሁሉም በር ዝግ። ዓይናዲስ ፍራሹን አነጠፈች፤ ሳፋውን ጥግ ላይ አቆመች። ልጇ «እማ፣ እዚህ ማን አለ?» አለቻት። የልጇን እጅ ይዛ ወጣችና የመጀመሪያውን በር አንኳኳች፤ ማንም የለም። ሁለተኛውን አንኳኳች፤ የሚመልስ የለም። ሦስተኛውን አንዲት ሻሽ ያሰረች ሴት ገርበብ አድርጋ ከፈተችው።

«ምን ልታዘዝ?»

«ዓይናዲስ እባላለሁ። ከላሊበላ ነው የመጣሁት፤ አዋላጅነት ልማር። ይቺ ልጄ ትሕትና ናት። ምናልባት ሰው መጥቶ ወይም ደውሎ ከጠየቀ እንድታውቂን ብዬ ነው።»

«ጀውሀራ እባላለሁ» አለች ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ። «ማን ነው የሚጠይቀኝ?»

ዓይናዲስ አሰበች። «ለጊዜውስ ማንም የለም» አለች።

ጀውሀራ እናትና ልጅን አየቻቸው።

«የአባትሽስ ስም?» አለች።